ጥብጣቡን አትጣሉት

ወደ ቤተ መዛግብት ሥራ ለምትገቡ ወጣቶች

ልጆቼ፣ እንደምን ከርማችኋል? ከእናንተ አንዱ ባለፈው ሰሞን «የድሮ ደብዳቤ መጠበቅ ትዕግሥት እንጂ ምን ትምህርት አለው?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። በአፌ የመለስኩለት አላረካኝምና ይኸው ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በስኮትላንድ የሰው ደብዳቤ ስገልጥ ኖሬአለሁ። ዛሬ ጡረታ ወጥቼ እንኳ የመብራት ደረሰኝ ሲመጣልኝ ከማንበቤ በፊት ጠርዙን እዳስሳለሁ።

ከጥፋቴ ልጀምር። በመጀመሪያው ዓመት ከአንድ ገበሬ ቤት ቆጥ የወረደ የደብዳቤ እስር ተሰጠኝ። በደበዘዘ ጥብጣብ ያሰሩት የቤቱ አሮጊት ናቸው። ባሕር ማዶ የሄደ ልጅ የላካቸው ደብዳቤዎች፣ የዘር መግዣ ደረሰኝና ከጋዜጣ የተቀደደ ቁራጭ ተደባልቀውበታል። እኔ ቅልጥፍናዬን ላሳይ ብዬ እስሩን ፈታሁ፤ ደብዳቤዎቹን በየቀናቸው ደረደርኩ፤ ደረሰኙን ለብቻ አስቀመጥኩ፤ ጥብጣቡን ቅርጫት ውስጥ ጣልኩ። ጠረጴዛዬ አምሮ ነበር።

አለቃዬ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ስኮትላንዳዊት፣ መጡና «ቁራጩ ከየትኛው ደብዳቤ ጋር ነበር?» አሉኝ። አላውቅም። «ደረሰኙ ጀርባው ላይ ምን አለበት?» ገለበጥኩት። እናትየው በእርሳስ የጀመሩት የመልስ ረቂቅ ነበር፤ ሦስት መስመር ተጽፎ ተቋርጧል። ለየትኛው ደብዳቤ መልስ እንደሆነ የሚናገረው የተቀመጠበት ቦታ ነበር፤ ቦታውን ደግሞ እኔ አጥፍቼዋለሁ። አለቃዬ አልተቆጡኝም። በዝርዝሩ ላይ በገዛ እጄ እንዲህ ብዬ እንድጽፍ ብቻ አዘዙኝ፦ «የእስሩ የቀድሞ አቀማመጥ በምዝገባ ጊዜ በሠራተኛ ስህተት ጠፍቷል።» ቁጣ ይሻለኝ ነበር።

ያኔ ነው ሥራችን ማሳመር አለመሆኑ የገባኝ። ወረቀት ባለቤቱ በተወው አኳኋን ይቀመጣል፤ ባለቤቱን የሚያሳፍረውም፣ እኛን የሚያሳፍረውም አብሮ ይቀመጣል።

ለዚህ ለእኛ ቅርብ የሆነ ምስክር ልጥቀስላችሁ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጄምስ ብሩስን ታውቁታላችሁ፤ የኪኔርዱ ባላባት፣ በ1770 ጎንደር ገብቶ በዚያው ዓመት ኅዳር ግሽ ዓባይ የደረሰው ስኮትላንዳዊ። ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ የቦሎኛ ሰው ሠዓሊ ሆኖ አብሮት ነበር። ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ግን ባሉጋኒ ከግሽ ጉዞ በፊት የሞተ ይመስላል፤ ደራሲው ምንጩ ላይ የቆመው ያለ እርሱ ነው። ወረቀቶቹ ሌላ ይናገራሉ። ባሉጋኒ በጣሊያንኛ በገዛ እጁ የጻፈው የጉዞው ማስታወሻ ከብሩስ ወረቀቶች መካከል ተገኝቷል፤ ሰውየው ጎንደር ላይ የሞተው ከግሽ ከተመለሰ በኋላ ነው። የዕፅዋቱ ሥዕሎችም አብዛኞቹ የእርሱ ናቸው።

እኔን የሚገርመኝ መደበቁ አይደለም፤ ደራሲ ሁልጊዜም ራሱን ያስቀድማል። የሚገርመኝ ብሩስ ያን ማስታወሻ አለማቃጠሉ ነው። ከጉዞው ተመልሶ በ1794 ከደረጃ ወድቆ እስኪሞት ድረስ ሃያ ዓመት ያህል ነበረው። የስኮትላንድ ክረምት ረጅም ነው፤ ምድጃ እንደነደደ ይውላል፤ እጅ መዘርጋት ብቻ ይበቃ ነበር። ወራሾቹም አላቃጠሉትም። ዛሬ ከሥዕሎቹና ከወረቀቶቹ ብዙው አሜሪካ፣ በዬል ዩኒቨርሲቲ የብሪታኒያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ይገኛል። ከሀገራችን ይዟቸው የወጣው የግዕዝ ብራናዎች ደግሞ አብዛኞቹ ኦክስፎርድ ናቸው፤ የእነርሱ ነገር የሌላ ቀን ደብዳቤ ነው።

የብሩስን ወረቀቶች ለመጽሐፉ ሁለተኛ እትም ያዘጋጀው አሌክሳንደር መሬይ ነው፤ እርሱን ከብሩስ ይልቅ እወደዋለሁ። በ1775 በጋሎዌይ የተወለደ የእረኛ ልጅ ነው። ኪኔርድ ቤት ለወራት ተቀምጦ ሰነዱን አገላበጠ፤ እትሙ በ1805 ወጣ። ከዚያ በ1811 የትግራዩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ለንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ የላኩት የግዕዝ ደብዳቤ ለንደን ደረሰ። አንባቢ ሲፈለግ ይህ የእረኛ ልጅ ተጠቆመ፤ ተረጎመውም።

የመሬይን ልጅነት የምናውቀው በ1812 ለአንድ ቄስ ከጻፈው ደብዳቤ ነው። አባቱ ፊደል ያስቆጠረው ከምድጃ በወጣ የተቃጠለ የቁጥቋጦ እንጨት፣ የበግ ጠጉር ማበጠሪያ ሰሌዳ ጀርባ ላይ እየጻፈ እንደነበር ይተርካል። በዓመቱ በ37 ዓመቱ ሞተ። ቄሱ ደብዳቤውን አንብበው እሳት ውስጥ ጥለውት ቢሆን ሰሌዳውም ከሰልም አብረው በጠፉ።

አሁን ወደ እጃችሁ። ጓንት የሚያምረው ለፎቶግራፍ ነው፤ ለወረቀት ታጥቦ የደረቀ እጅ ይሻላል፣ ጣት ቅዳዱን ይሰማዋልና። ከእርሳስ በቀር መጻፊያ ይዛችሁ አትቅረቡ። የዛገ ስፒል ስታገኙ አትጎትቱት፤ ከሥሩ ቀጭን ፕላስቲክ አስገብታችሁ ወረቀቱን ከዝገቱ አላቅቁ። የተቀደደ በፕላስተር የጠገነ ሰው ከአይጥ የባሰ ጠላቴ ነው፤ ሙጫው ይቀላል፣ ይሰርጋል፣ ፊደሉን ይዞ ይቀራል።

ቀለሙንም እወቁት። የእኛ ሊቃውንት በጥላሸት የቀመሙት ቀለም ብራናው ላይ በዝምታ ይቀመጣል። የአውሮፓው ቀለም ግን የባሉጥ ዛፍ ላይ ተርብ ስትነድፈው ከሚያብጠው እንክብልና ከብረት ጨው የሚቀመም ነው፤ ርጥበት ሲያገኝ ወረቀቱን ይበላዋል። «o» ከሚለው ፊደል መሐል ክቡ ወድቆ ቀዳዳው ብቻ የቀረበት ደብዳቤ አይቻለሁ።

ከ1840 በፊት የተጻፈ ደብዳቤ ደግሞ አንዳንዴ መስመር በመስመር ላይ ተሻግሮበት ታገኙታላችሁ። የፖስታ ዋጋ በርቀትና በወረቀት ብዛት ይቆጠር ነበር፤ የሚከፍለውም አብዛኛውን ጊዜ ተቀባዩ ነበር። ስለዚህ ላኪው ገጹን ሲጨርስ ወረቀቱን ያዞርና በጻፈው ላይ አግድም ይጽፋል። መጀመሪያ ስታዩት የወንፊት ያህል ነው። አትቸኩሉ፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አንብቡ፣ ዐይን ሌላውን መተው ይለምዳል።

ስኮትላንዶች ለወረቀት የሚጨነቁት በምክንያት ነው። በ1651 የእንግሊዙ መሪ የክሮምዌል ጦር መዛግብታቸውን ወደ ለንደን አጋዘ፤ በ1660 ሲመለሱ ኤልዛቤት የተባለችው መርከብ ጭነቷን እንደያዘች ሰጠመች። ዛሬ ኤድንብራ የሚቆመው፣ በ1774 የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው የመዛግብት ሕንፃ ከእንዲህ ያለ ቁስል በኋላ የመጣ ነው። ከ1946 ጀምሮ ደግሞ በግለሰብ ቤት ያለ ሰነድ ከባለቤቱ ሳይወሰድ የሚመዘገብበት አሠራር አላቸው፤ ባለሙያ ቤት ድረስ ሄዶ ይዘረዝራል። ሻይ ሳይጠጡ ሰነድ አይታይም፤ ልመዱት።

ጡረታ ልወጣ ስል አንድ ወጣት ተመራማሪ ዝርዝሩን ይዞ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። ያቺን መስመር በጣቱ እያሳየ «ይህ ሠራተኛ ማን እንደነበር ይታወቃል?» አለኝ። «እኔ ነኝ» አልኩት። ደንግጦ ፈገግ አለ፤ ከዚያ «ጥብጣቡ ምን ዓይነት ቀለም ነበረው?» ሲል ጠየቀኝ። «ሰማያዊ» አልኩት። እርሳሱን አንስቶ ጻፈ።