ፎርሙላ ከመሸምደድሽ በፊት ሰንጠረዡን አስተካክይ

እህቴ፣ መልእክትሽን አንብቤዋለሁ። በአካውንቲንግ ተመርቀሽ ሥራ እየፈለግሽ ነው። ማስታወቂያው ሁሉ «ኤክሴል በደንብ የምትችል» ይላል። አንቺም ከዩቲዩብ የፎርሙላ ዝርዝር ደብተር ላይ ገልብጠሽ እየሸመደድሽ ነው፣ እውነተኛ ፋይል ሲሰጡሽ ግን ከየት እንደምትጀምሪ ግራ ይገባሻል። «ስንት ፎርሙላ ልወቅ? ወይስ በቀጥታ ፓወር ቢአይ (የማይክሮሶፍት የሪፖርትና የግራፍ ፕሮግራም) ልማር?» ብለሻል።

ደብተሩን ለጊዜው አስቀምጪው። ለዕለት ተዕለት የቢዝነስ ትንተና የሚያስፈልጉሽ ፎርሙላዎች ጥቂት ናቸው፦ ሰምኢፍስ (በመስፈርት የሚደምር)፣ ካውንትኢፍስ (በመስፈርት የሚቆጥር)፣ ኢፍ (እንደ ሁኔታው መልስ የሚመርጥ)፣ ቪሉክአፕ፣ ኢንዴክስና ማች (ከሌላ ሰንጠረዥ ፈልገው የሚያመጡ)፣ ከዚያ የተወሰኑ የቀንና የጽሑፍ ፎርሙላዎች። አንቺን ያስቸገረሽ ዳታው የተቀመጠበት መንገድ ነው።

መርካቶ ውስጥ የጽዳት ዕቃ በጅምላ የሚሸጥ ድርጅት አለ እንበል። የሚሰጡሽ ፋይል ብዙውን ጊዜ ለየወሩ አንድ ሺት አለው፣ የደንበኛው ስም፣ ስልኩ፣ ዕቃው፣ ዋጋውና ዱቤው አንድ ላይ ታጭቀዋል፣ በየመሃሉ ደግሞ «ድምር» የሚል ረድፍ ገብቶበታል። እዚህ ላይ የትኛውም ፎርሙላ አያድንሽም። መጀመሪያ ራስሽን ጠይቂ፦ አንድ ረድፍ ምንድን ነው? «በአንድ ደረሰኝ ላይ ያለ አንድ ዕቃ» ብለሽ ከወሰንሽ ወሮቹ ሁሉ ወደ አንድ የሽያጭ ሰንጠረዥ ይገባሉ፣ የድምር ረድፎቹ ይወጣሉ። ደንበኞች የራሳቸው ሰንጠረዥ ይኖራቸዋል፣ ዕቃዎችም እንዲሁ፣ ሽያጩ ላይ ኮዳቸው ብቻ ይቀራል። የተሸጠበት ዋጋ ግን ከሽያጩ ጋር ይቆይ። የዕቃዎቹ ሰንጠረዥ ላይ ብቻ ካስቀመጥሽው፣ ዛሬ ዋጋ ሲጨምር የአምናው ሽያጭም አብሮ ይጨምርብሻል፣ እኛ አገር ዋጋ እንዴት እንደሚቀያየር ደግሞ ታውቂዋለሽ።

ዳታ ሞዴሊንግ የሚባለው በመሠረቱ ይኸው ነው። ከኤክሴል 2013 ጀምሮ እነዚህን ሰንጠረዦች በኮዳቸው አያይዘሽ በአንድ ፒቮት ቴብል (ዳታውን ደምሮ በሚያጠቃልል ሰንጠረዥ) ማውጣት ትችያለሽ፣ በየረድፉ ቪሉክአፕ መደርደር ሳያስፈልግሽ።

አደራ፣ በስም አታያይዢ። «ሀዋሳ» እና «ሐዋሳ» ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለኤክሴል ግን ሁለት የተለያዩ ከተሞች ናቸው። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» የሚባሉ ደንበኞችም እንደዚያው። ኮድ ስጪያቸው፣ ብዙ ጣጣ ትገላገያለሽ።

አሁን ብዙዎች ወደሚሰናከሉበት ወደ ቀኑ እንምጣ። ኤክሴል የኛን የዘመን አቆጣጠር አያውቅም። ጥቅምት 30 ቀን 2016ን 30/02/2016 ብለሽ ስትጽፊ፣ በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ጽሑፍ ይይዘዋል። ጥቅምት 10ን 10/02/2016 ብለሽ ስትጽፊ ደግሞ ይቀበልሻል፣ ግን ፌብሩዋሪ 10፣ 2016 አድርጎ፣ ወይም እንደ ኮምፒውተሩ ሴቲንግ ኦክቶበር 2 አድርጎ። ትክክለኛው ኦክቶበር 21፣ 2023 ነበር። አንዱ አምድ ውስጥ ግማሹ ጽሑፍ፣ ግማሹ የተሳሳተ ቀን ይሆናል፣ እና ምንም የስህተት ምልክት ስለማያሳይሽ የዱቤ ቀን ስታሰይ ነው ጉዱ የሚወጣው።

መፍትሔው የቀን ሰንጠረዥ ነው። ሽያጩ ላይ የፈረንጁን ቀን ያዢ። ከዚያ እያንዳንዱ ቀን አንድ ረድፍ የሆነበት ሌላ ሰንጠረዥ ሥሪ፦ የፈረንጁ ቀን፣ የኛ ቀን፣ የኛ ወር፣ የኛ ዓመት፣ የበጀት ዓመት። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ እሱም ጁላይ 8 ስለሆነ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የበጀት ዓመቱ አምድ በአንድ ይጨምራል። ድርጅቱ በሌላ የሒሳብ ዓመት የሚሠራ ከሆነ ይህን አምድ ብቻ ትቀይሪያለሽ። ጳጉሜንን አትርሺ፣ 2015 እና 2019 ላይ 6 ቀን ናት፣ በመካከላቸው ባሉት ዓመታት 5። ይህን ሰንጠረዥ አንዴ ከሠራሽው የትም ብትቀጠሪ ይዘሽው ትሄጃለሽ።

ስለ ፎርሙላ ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ቪሉክአፕ ስትጽፊ መጨረሻ ላይ ፎልስ (ልክ የሚገጥመውን ብቻ ፈልግ) ማለት አትርሺ፣ ካልጻፍሽው ተቀራራቢ መልስ ፈልጎ የሌላ ዕቃ ዋጋ ሊያመጣልሽ ይችላል። አዲሱ ኤክስሉክአፕ ይሻላል፣ ግን ኤክሴል 2016 እና 2019 ላይ የለም፣ ስለዚህ ቢሮው አሮጌ ከሆነ እንዳትደነግጪ ሁለቱንም ልመጂ። ሌላው ቫት ነው። 15 በመቶውን ፎርሙላ ውስጥ አትቅበሪው፣ በራሱ ሴል ላይ አስቀምጪና እሱን ጥሪ። ቫት ያለበትን 1,150 ብር ወደ መነሻው ስትመልሺ ደግሞ ለ1.15 አካፍይ፣ 1,000 ይመጣል። በ0.85 ካባዛሽ 977.50 ይሆናል፣ ፈታኞች ይህን ስህተት ትሠሪ እንደሆነ ማየት ይወዳሉ።

ፓወር ቢአይ? ዴስክቶፑ በነፃ ይወርዳል፣ ዊንዶውስ ብቻ ይፈልጋል። ሰንጠረዦችን የሚያያይዝበት መንገድና ዳክስ የሚባለው የፎርሙላ ቋንቋው ኤክሴል ውስጥ ካለው፣ ሰንጠረዦችን ከሚያያይዘው ፓወር ፒቮት ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ኤክሴል ላይ ሞዴሉን ከተረዳሽ ያኛው አይከብድሽም፣ በተቃራኒው ከሄድሽ ግን ያማረ ግራፍ ሠርተሽ ቁጥሩን ማስረዳት ያቅትሻል።

አሁን የምትሠሪው ይህ ነው። ሱቅ ያለው ዘመድ ወይም ጎረቤት አታጪም። አስፈቅደሽ የጥቂት ወር ሽያጭ ውሰጂ፣ የደንበኞችን ስም በኮድ ቀይሪ፣ ከላይ እንዳልኩሽ አዋቅሪው። ከዚያ የትኛው ዕቃ የተሻለ ትርፍ እንደሚተው፣ የማን ዱቤ ከ30 ቀን እንዳለፈ አውጪ። ጠቅላላ ድምርሽን ከደረሰኞቹ ወይም ከፒችትሪው (የሒሳብ ሶፍትዌሩ) ሪፖርት ጋር አመሳክሪ፣ በሳንቲም መግጠም አለበት። ካልገጠመ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ እስክታገኚው ድረስ አትልቀቂው፣ ትምህርቱ ያለው እዚያ ነው። ለቃለ መጠይቅ ስትሄጂ ፋይሉን በፍላሽ ይዘሽ ሂጂ። «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ሲሉሽ ከፒቮቱ ተነስተሽ እስከ ደረሰኙ ረድፍ ድረስ አሳዪያቸው።