ጭብጨባ፣ ቅሌትና ይቅርታ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

በዚህ ዙር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ «ማን ምን አደረገ?» ይላሉ። መልሱ ግን ደጋግሞ የተገኘው «መቼ?» ከሚለው ነው፤ ሂሱ መቼ ተለቀቀ፣ ይቅርታው መቼ ተጠየቀ፣ ቁጣው መቼ ተነሣ። መግለጫን ጠበቃ ያርመዋል፣ ቀንን ግን ማንም አያርመውም።

«ሐያሲያን 97 በመቶ የሰጡትን ፊልም ግማሹን ተኝቼበት ወጣሁ። ተከፍሏቸው ነው ወይስ እኔ ነኝ ያልገባኝ?» — እንቅልፋሙ

ሁለቱም ላይሆን ይችላል። የፊልም ሂሶችን የሚሰበስበው ድረ ገጽ ሮተን ቶሜቶስ ላይ የሚታየው ቁጥር የፊልሙ ማርክ አይደለም። ከመቶ ሐያሲያን ስንቱ «ደህና ነው» እንዳሉ ነው የሚቆጥረው። «እንዲህ ያለ ፊልም አይቼ አላውቅም» ያለውም፣ «ይሁን እስቲ፣ አይከፋም» ያለውም እኩል አንድ ድምፅ አላቸው። 60 በመቶ የደረሰ ፊልም የ«ደህና ነው» ምልክት የሆነውን ቀይ ቲማቲም ያገኛል።

ወረቀት ላይ ያስሉት። አንዱን ፊልም አሥር ሐያሲያን ሁሉም ከ10 ስድስት ቢሰጡትና ስድስትን «ደህና» ብለው ቢቆጥሩት 100 በመቶ ይጻፍለታል። ሌላውን ፊልም ሰባቱ 10 ከ10፣ ሦስቱ ደግሞ 3 ብቻ ቢሰጡት 70 በመቶ ይሆናል። አማካዩ ግን የመጀመሪያው 6፣ የሁለተኛው 7.9 ነው። በዚህ ስሌት የሚያከራክር ፊልም ይጎዳል፣ ማንንም የማያስከፋ ፊልም ይጠቀማል። እርስዎን ያስተኛዎት የትኛው ዓይነት እንደሆነ መገመት አይከብድም።

ስለዚህ መቶኛውን ትተው አማካይ ነጥቡን ይፈልጉ። ሌላው ሂስ ሰብሳቢ ድረ ገጽ ሜታክሪቲክ ሂሶቹን ወደ መቶ ቀይሮ፣ ለአንዳንዶቹ ሐያሲያን የበለጠ ክብደት ሰጥቶ አማካይ ያወጣል። አንድ ፊልም በአንዱ 97፣ በሌላው 68 ካገኘ ትርጉሙ «ብዙ ሰው ጥቂት ወዶታል» ነው። የሂሶቹን ብዛትም ይዩ። በፌስቲቫል ላይ ከታየ በኋላ በሠላሳ ሂስ የወጣ 97 እና በሦስት መቶ ሂስ የጸና 97 አንድ አይደሉም፤ ፌስቲቫል ድረስ የሚሄድ ሰው ለመውደድ ተዘጋጅቶ የሚሄድ ነው።

ሲኒማስኮር የሚባለው ደግሞ በመጀመሪያው ምሽት ቲኬት ቆርጠው የገቡትን ሲወጡ ጠይቆ ከኤ ፕላስ እስከ ኤፍ ይሰጣል። መልስ ሰጪዎቹ ፊልሙን ሲጠብቁ የከረሙ ስለሆኑ ከእነሱ የሚመጣ ቢ እንኳ ቅሬታ አለበት። አስፈሪ ፊልሞችን ግን በዚህ አይመዝኑ፤ ተመልካቹ ተረብሾ ስለሚወጣ ነጥቡ ዝቅ ይላል። በ1999 (እዚህ ያለው ቀንና ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) የወጣው ብሌየር ዊች ፕሮጀክት ሲ ፕላስ ተሰጥቶት ወደ 248 ሚሊዮን ዶላር አስገብቷል።

ከሁሉ የማምነው መለኪያ የሁለተኛውን ቅዳሜና እሁድ ገቢ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ገቢ የማስታወቂያው ውጤት ነው፤ የሁለተኛው አይቶ የወጣው ሰው ለጓደኛው የነገረው ነው። በትልልቅ ፊልሞች ከ50 እስከ 60 በመቶ መውረድ የተለመደ ነው። 70 ከደረሰ ወሬው ከፊልሙ ቀድሞ አልቋል ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሐያሲያን ፊልሙን ቀድመው ያዩታል፣ ነገር ግን ስቱዲዮው እስከ ወሰነው ቀንና ሰዓት ድረስ ሂስ ላያወጡ ይስማማሉ። ያ ሰዓት ፊልሙ ከመውጣቱ አንድና ሁለት ሳምንት ቀደም ካለ ስቱዲዮው ተማምኗል። ፊልሙ ሊከፈት ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ከሆነ ቲኬትዎን አስቀድመው አይግዙ። በማኅበራዊ ሚዲያ ብቻ የሚለቀቁት «ድንቅ ነው!» የሚሉ አጫጭር አስተያየቶች ከሂሱ በፊት ቢመጡ አይግረምዎት፤ ለእነሱ በሩ ቀደም ብሎ ይከፈታል።

«400 ሚሊዮን ዶላር ያስገባ ፊልም እንዴት ከሰረ ይባላል?» — ሒሳብ ወዳድ

400ው ሲኒማ ቤቶች ከተመልካች የሰበሰቡት ነው፤ ስቱዲዮው ኪስ የገባው አይደለም። በአሜሪካ ስቱዲዮው የሚያገኘው በግምት ግማሹን ነው፣ በቻይና ሩቡን ያህል። ፊልሙ በ200 ሚሊዮን ከተሠራና ለማስታወቂያ ሌላ 100 ሚሊዮን ከወጣበት፣ ከ400ው የሚደርሰው 200 ወይም ከዚያ ያነሰ ገንዘብ ወጪውን አይሸፍንም። በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች የማምረቻ ወጪውን በሁለት ተኩል ያባዙና «እዚህ ካልደረሰ አልተረፈም» ይላሉ። ሸካራ ስሌት ነው፤ ከፊልሙ የኪራይና የቴሌቪዥን ገቢን አይቆጥርም፣ ግን ከጋዜጣ ርዕስ ይሻላል።

«በታሪክ ከፍተኛ ገቢ» የሚለውንም የቲኬት ዋጋ ንረት ተቀንሶ እንደሆነ ይጠይቁ። ንረቱ ሲታሰብ በ1939 የወጣው ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ አሁንም ከፊት ተሰልፏል።

«የዝነኛ ሰው ይቅርታ ከልብ መሆኑ በምን ይታወቃል?» — ይቅር ባይ

ልቡን ማንም አያየውም፣ ሰዋስዉ ግን ይታያል። መግለጫውን አትመው እስክሪብቶ ይያዙ። «ስህተት ተፈጽሟል» የሚለውን ያስምሩበት፤ ፈጻሚው ጠፍቷል። «ስህተት ፈጸምኩ» ካለ ይለፉት። «ቅር የተሰኘ ካለ» የሚለውን «ካለ» ያክብቡ፤ ጥፋቱን ወደ ተበዳዩ ስሜት ያዞረዋል። «ግን» ካለች ከእሷ በኋላ ያለውን ብቻ ያንብቡ፣ ሊናገር የፈለገው እሱን ነው። አንድ ሰው ብቻውን አጥፍቶ «አዝነናል» ሲልም ይጠርጥሩ፤ ያ የድርጅት አፍ ነው። ከዚህ ሁሉ ተርፎ ጥፋቱ በስሙ ተጠርቶ፣ የተበደለው ታውቆ፣ የሚካሰውም ተነግሮ ከሆነ ደህና ይቅርታ ነው።

ከዚያ ቀኑን ይዩ። ይቅርታው የመጣው ጥፋቱ ሲታወቅ ነው ወይስ የማስታወቂያ ውሉን ያደረገለት ኩባንያ ሲወጣ? ዓርብ ማታ የሚለቀቅ መግለጫ ደግሞ ቅዳሜና እሁድ እንዲውጠው የተላከ ነው።

ቀንና ቃል የሚጣሉበት ጊዜም አለ። ተዋናዩ ሂው ግራንት ሰኔ 1995 ከሴተኛ አዳሪ ጋር ተይዞ ታሰረ። ሐምሌ 10 የጄይ ሌኖ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀርቦ መጥፎ ነገር መሥራቱን አመነ፣ ሰበብ አልደረደረም። ፊልሙ የሚወጣው ከሁለት ቀን በኋላ ነበር። ቀኑ ንግድ ይላል፣ ቃሉ ግን ንጹሕ ነው። በእኔ ሚዛን ጥቅም የገፋው ይቅርታም ይቅርታ ነው፤ ጥቅም የገፋው ማሳበብ ግን ሁለት ጥፋት ነው።

«ኦስካሮቹ ግብዞች ናቸው ስል ባለቤቴ “ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው” ይለኛል። ማን ልክ ነው?» — ከራት በኋላ ተከራካሪ

ሦስት ጉዳዮች ጎን ለጎን ያስቀምጡና እርስዎ ይፍረዱ። ተዋናዩ ዊል ስሚዝ መጋቢት 27 ቀን 2022 በኦስካር መድረክ ላይ ኮሜዲያኑን ክሪስ ሮክን በጥፊ መታው። አርባ ደቂቃ ያህል ቆይቶ የምርጥ ተዋናይ ሽልማት ሲቀበል ያው አዳራሽ ቆሞ አጨበጨበለት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 8፣ ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ ከዝግጅቶቹ ለ10 ዓመት አገደው። ዳይሬክተሩ ሮማን ፖላንስኪ በ1977 ከአካለ መጠን በታች ከሆነች ልጅ ጋር የፈጸመውን የግብረ ሥጋ ወንጀል በፍርድ ቤት አምኗል፣ በ1978 ቅጣቱ ሳይነገረው ከአሜሪካ ሸሽቷል። በ2003 በሌለበት የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማት ሲሰጠው ብዙዎች ተነሥተው አጨበጨቡ። ከአካዳሚው የተባረረው በግንቦት 2018 ነው። ፕሮዲውሰሩ ሃርቪ ዋይንስታይን ደግሞ የኒው ዮርክ ታይምስ ዘገባ ጥቅምት 5 ቀን 2017 ወጥቶ በዘጠነኛው ቀን ተባረረ።

ለአንዱ ጥፊ 12 ቀን፣ ለታመነ ወንጀል 41 ዓመት። ያመነበት መዝገብ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ እዚያው ነበር። የተለወጠው ዝም ማለት የሚያስከፍለው ዋጋ ነው። ዋይንስታይን ከወደቀ በኋላ የጎረፈው ውግዘት ሲታይ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የተባለው ለዚህ ይመስላል።

ባለቤትዎ ግን በአንድ ነገር ልክ ናቸው፤ ሐሳብ መለወጥ ሁሉ ግብዝነት አይደለም። ተዋናይቷ ኢንግሪድ በርግማን ከትዳሯ ውጭ በመውለዷ በ1950 በአሜሪካ ሴኔት ተወግዛ ነበር፤ በ1972 ሌላ ሴናተር እዚያው ቆሞ ይቅርታ ጠየቀላት። ይህ ግብዝነት ሳይሆን ዘግይቶ መታረም ነው። ልዩነቱን የሚያሳየው የቀድሞ ስህተትን በአደባባይ መጥቀስ ነው። አካዳሚው ፖላንስኪን ሲያባርር ባወጣው መግለጫ የ2003ቱን ጭብጨባ አላነሣም።

«ስለ አየር ብክለት እየሰበከ በግል ጄት የሚበረውን ዝነኛ ልስማው?»

ንግግሩን ይስሙ፣ ሰውየውን አይከተሉ። ሲጋራ የሚያጨስ ሐኪም «ሲጋራ ይገድላል» ቢል አልዋሸም።

«ክስ የቀረበበት ተዋናይ ዝም ብሏል። ዝምታው ማመን አይደለም?» — ፈጣን ፈራጅ

አይደለም። መጀመሪያ ቃላቱን ይለዩ። ስሙ በወሬ የተነሣ፣ በፖሊስ የተጠረጠረ፣ በፍትሐ ብሔር የተከሰሰ፣ በወንጀል የተከሰሰ፣ ጥፋተኛ የተባለ፤ እነዚህ አምስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፣ ርዕሰ ዜናው ግን ሁሉንም «ቅሌት» ይላቸዋል። በገንዘብ ስምምነት ያለቀ ጉዳይም ጥፋተኝነትን አያረጋግጥም፣ ንጽሕናንም እንዲሁ። ዝምታውን ብዙ ጊዜ የሚያዝዘው ጠበቃው ነው፤ የተናገረው ሁሉ መዝገብ ላይ ይቀርብበታልና።

በ1921 በከባድ ወንጀል የተከሰሰው የድምፅ አልባ ፊልም ኮሜዲያን ሮስኮ አርባክል ሦስት ጊዜ ተዳኝቷል። ሦስተኛው ጁሪ ሚያዝያ 12 ቀን 1922 በነጻ ሲያሰናብተው በደል እንደተፈጸመበት የሚገልጽ ጽሑፍ ጨመረበት። ከስድስት ቀን በኋላ ኢንዱስትሪው ከፊልም አገደው። እገዳው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ቢነሣም ስሙ እንደ በፊቱ አልቆመም። የሆሊውድ ስቱዲዮዎች በውላቸው ውስጥ የሥነ ምግባር አንቀጽ ማስገባት የጀመሩትም በዚያው ግርግር ነው።

መናገርም የባሰ የሚያደርግበት ጊዜ አለ። ዘፋኟ ባርብራ ስትራይሳንድ በ2003 የመኖሪያ ቤቷ ፎቶ ከድረ ገጽ እንዲወርድ 50 ሚሊዮን ዶላር ጠይቃ ከሰሰች። ከክሱ በፊት ፎቶውን ያወረዱት ስድስት ጊዜ ብቻ ነበር፣ ሁለቱ የራሷ ጠበቆች። ክሱ ሲሰማ በአንድ ወር ከ420 ሺህ በላይ ሰው ገጹን ጎበኘው። ተሸንፋም የተከሳሹን የጠበቃ ወጪ እንድትከፍል ታዘዘች።

«ፖስተር ላይ የሚጻፉት የሐያሲ ጥቅሶች እውነት ናቸው?»

አብዛኞቹ ከእውነተኛ ሂስ የተቆረጡ ናቸው፤ ሦስት ነጥብ ባለበት ቦታ ምን እንደተጣለ ዋናውን ሂስ ፈልገው ያንብቡ። «አስደናቂ … ነው» የሚለው «አስደናቂ ብክነት ነው» ሊሆን ይችላል። ሐያሲው ራሱ የሌለበት ጊዜም ነበር። ሶኒ «ዴቪድ ማኒንግ» የሚባል ሰው ፈጥሮ ፊልሞቹን በስሙ ሲያወድስ በ2001 ተጋለጠ፣ በ2005 ደግሞ በ1.5 ሚሊዮን ዶላር ክሱን ዘጋ፤ ለተታለለው ተመልካች በሰው አምስት ዶላር። የማያውቁት ስም ካጋጠመዎት ሌላ ሂስ ጽፎ እንደሆነ ይፈልጉ፣ ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

«ትሬለሩ ላይ ያየኋት ተዋናይት ፊልሙ ውስጥ የለችም! ገንዘቤ ይመለስ?» — የተሸወደው

ብቻዎን አይደሉም። ተዋናይቷን አና ደ አርማስን ትሬለሩ (የፊልሙ ማስታወቂያ ቅንጭብ) ላይ አይተው የስተርደይ የተባለውን ፊልም በ3.99 ዶላር የተከራዩ ሁለት ሰዎች እሷን ፊልሙ ውስጥ አጥተው ስቱዲዮውን ከሰሱ። በታኅሣሥ 2022 ዳኛው ትሬለር የንግድ ንግግር ስለሆነ በአሳሳች ማስታወቂያ ሕግ ሊጠየቅ ይችላል አለ። ትዕይንቱ የጠፋው ትሬለሩ የሚሠራው የፊልሙ አርትዖት ሳያልቅ ስለሆነ ነው፤ የሚቆረጠው በኋላ ነው።

ለእርስዎ የሚቀልለው ክስ ሳይሆን የተከራዩበትን መድረክ መጠየቅ ነው፦ ቶሎ፣ ባይጨርሱት ይመረጣል፣ ትሬለሩን ከእነ ሰከንዱ ጠቅሰው። እስከ መጨረሻው አይተው «አልወደድኩትም» ካሉ ግን ገንዘቡን እርሱት።