«ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ታዲያ ምኑን ነው የሚጠብቁት?» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰላም ነው? የሀዋሳው የሀምሌ ገብርኤል እየደረሰ ስለሆነ ነው መሰለኝ የዚህ ሳምንት ጥያቄ ሁሉ ሐይቅ ሐይቅ ይላል። እንደተለመደው ደብዳቤዎቻችሁን አሳጥሬያለሁ፣ ስድቦቹንም አውጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ አዋሳ ነው ሀዋሳ?

በወረቀት ሀዋሳ፣ በአፍ አዋሳ። ቀጣይ።

ጥያቄ፦ ከአዳማ ነው፣ ግንቦት ላይ የተጋቡ ሙሽሮች ናቸው። ለገብርኤል መጥተው ሁለት ለሊት ሊያድሩ ነው፣ ዋናው ሀሳባቸው ግን ጀልባ ተከራይቶ ጉማሬ ማየት ነው። ዝናብ ቢሆንብንስ፣ በዛ ላይ ከተማው በሰው ተጨናንቆ ምን እንሰራለን ይላሉ።

እንኳን ደስ ያላችሁ። ከጉማሬው በፊት ግን መኝታ ይዛችኋል? ሀምሌ 19 ሀዋሳ ከየአቅጣጫው ነው ሰው የሚገባባት፣ ክፍል አጥቶ መኪና ውስጥ ያደረ ዘመድ አለኝ። ጀልባውን ጠዋት አድርጉት፣ ከ1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ሐይቁ አብዛኛውን ጊዜ ፀጥ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ግን ንፋሱ ይነሳል። ጉማሬ ስታዩ «ትንሽ ጠጋ በልልን» አትበሉ፣ ከሩቅም ጉማሬ ጉማሬ ነው። ጠዋቱን ከዘነበ አሞራ ገደል አሳ ገበያ ሂዱና አሳው ሲገፈፍ ቆማችሁ እዩ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትላልቅ ወፎች ካፖርት እንደለበሱ ጡረተኞች ተደርድረው አንጀቱን ይጠብቃሉ፣ እናንተ ደግሞ ትኩስ የአሳ ሾርባ ትጠጣላችሁ፣ ጥሬውን ግን ተዉት፣ ሎሚና ሚጥሚጣ ጥገኛ ትል አይገድልም። ሲያባራ ታቦር ተራራ ላይ ውጡ፣ ሐይቁም ከተማውም እግራችሁ ስር ነው፣ ጭቃው ስለሚያንሸራትት ግን የሰርጉን ነጭ ጫማ አታድርጉ። ማታ ሐይቁ ዳር ያለው መዝናኛ፣ ፍቅር ሐይቅ። ለምሳ ቦርሳሜ ሳትበሉ ከሄዳችሁ ሲዳማ መጥተናል ብላችሁ አታውሩ። በክብረ በዓሉ ቀን ባጃጅ አትመኑ፣ በእግር ይቀላል።

ጥያቄ፦ እጮኛዬ ውሃ ይፈራል፣ ጀልባ ላይ እንዴት ላሳምነው?

ለምን ታሳምኚዋለሽ? ዳር ላይ ቡና ጠጡ። በጣም ካስቸገረው የስነልቦና ባለሙያ ያማክር።

ጥያቄ፦ ከአቶቴ የመጣ ነው፣ አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን አስፅፈው የላኩት። ልጃቸው ጀርመን ነው የምትኖረው፣ ከባልዋ ጋር ባለ ሸራ ጀልባ ገዝተው የፈረንጆቹን በጋ ባህር ላይ ያሳልፋሉ። አሁን አቴንስ ወደቡ ላይ ከቆሙ 9ኛ ቀናቸው ነው። በደወለች ቁጥር «እማ፣ አየሩ እስኪስተካከል ነው» ትላለች፣ በቪዲዮ የሚታየው ሰማይ ግን አንዲት ደመና የለበትም፣ ልጅቷና ባልዋም የፀሐይ መነፅር አድርገው ሰው በሰው ላይ በተደራረበበት ፍርስራሽ መሀል ፎቶ ይነሳሉ። «ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ታዲያ ምኑን ነው የሚጠብቁት? ገንዘብ ጨርሰው ነው ወይስ ተጣልተው?»

እማማ፣ ስለ ገንዘቡና ስለ ጠቡ እኔ አላውቅም፣ ስለ አየሩ ግን ልጅዎ አልዋሸችም። እኛ ጋ ክረምት በሆነበት በሀምሌና በነሐሴ በግሪክ ባህር ላይ ሜልቴሚ የሚሉት ንፋስ አለ። ከባልካን በኩል የአየሩ ግፊት ከፍ ይላል፣ ከቱርክ በኩል ዝቅ ይላል፣ ታዲያ ንፋሱ በመሀል ከሰሜን ወደ ታች ይወርዳል። ደረቅ ንፋስ ነው፣ ዝናብም ደመናም ይዞ አይመጣም፣ እንዲያውም ሰማዩን ጠርጎ ነው የሚነፍሰው፣ ስለዚህ እርስዎን ያጠራጠረዎት ሰማያዊ ሰማይ ራሱ የንፋሱ ምልክት ሊሆን ይችላል። አንዴ ከያዘ 3 ቀን፣ 5 ቀን፣ አንዳንዴም ከሳምንት በላይ ይቆያል። ባህረኞቹ በቦፎርት ነው የሚለኩት፣ 7 ቦፎርት ሲባል በሰዓት ከ50 እስከ 61 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፣ ሻሸመኔ ሲሄዱ ከሚኒባሱ መስኮት እጅዎን ቢያወጡ የሚመታዎት ያህል፣ ልዩነቱ እነሱ ጋ መኪናው አይቆምም፣ መንገዱም ይነሳል ይወድቃል። ሲብስ ትላልቆቹ ፌሪዎች (ሰው አመላላሽ መርከቦች) እንኳን ከወደብ እንዳይወጡ የሚከለከሉበት ጊዜ አለ። ባለ ሸራ ጀልባ ደግሞ ንፋሱ ወደሚመጣበት ፊት ለፊት መሄድ አይችልም፣ ወደ 45 ዲግሪ እየቆረጠ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ዚግዛግ ነው የሚሄደው፣ 40 ኪሎ ሜትር የነበረው መንገድ ከ56 በላይ ይሆናል፣ ያውም ማዕበሉን ሳንቆጥር። ወደ ሰሜን ከሆነ ጉዟቸው ወደብ ላይ መቀመጣቸው ጤነኛ መሆናቸውን ነው የሚያሳየው።

ፍርስራሽ ያሉት አክሮፖሊስ የሚባለው የአቴንስ ጥንታዊ ቅርስ ነው። ብቻዎን አይደሉም በሰዉ ብዛት የደነገጡት፣ ግሪኮቹም ደንግጠው ከ2023 ጀምሮ (በፈረንጅ ነው) በቀን ከ20,000 ሰው በላይ እንዳይገባ ገደብ አድርገዋል። ልጅዎን ጠዋት 2 ሰዓት ሲከፈት ግቢ ይበሏት፣ ከወደቡ ከተማ ከፒሬየስ ባቡር አለ፣ መስመሩ በፈረንጅ ከ1869 ጀምሮ የሚሰራ ነው። ፍርስራሽ ከሰለቻት ደግሞ ለኛ የሚሆን ነገር ትይ፣ አበበ ቢቂላ በኛ በ1953 ማራቶን ሮጦ ያሸነፈባት ከተማ ናት፣ በነሐሴ 1996 ኦሎምፒክ ደግሞ ቀነኒሳ በ10,000 ወርቅ፣ ስለሺ ብር ሲወስዱ ኃይሌ 5ኛ የወጣው እዛው ነው፣ ያው ሐይቃችን ዳር ሪዞርት የሰራው ኃይሌ።

አሁን እኔን ወደሚያንገበግበኝ ልመለስ። እነዚህ ሰዎች ጀልባው የራሳቸው ነው፣ መንዳት ያውቃሉ፣ ትንበያ ያነባሉ፣ እንዲህም ሆኖ 9 ቀን ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። እኛ 9 ሰዓት ላይ የተነሳ ንፋስ እስከ ማግስቱ ጠዋት መጠበቅ ያቅተናል፣ ምክንያቱም ነገ ሰኞ ነው፣ ምክንያቱም ብሩ ተከፍሏል። እኔም አንዱ ነበርኩ። ከጥቂት አመታት በፊት ከባለቤቴ ጋር ልክ 9 ሰዓት ላይ በጀልባ ሐይቁ ላይ ወጣን፣ ሰማዩ እንደ ልጅዎ ቪዲዮ ነው፣ ከመስጠም የሚያድኑት ጃኬቶች መቀመጫው ስር ናቸው፣ የኔ ዚፑ ተበጥሶ በሲባጎ የታሰረ ነው፣ «ሙቀት ነው» ብዬ አላደረግሁትም። መሀል ስንደርስ ውሃው መጀመሪያ ቀለሙ ጠቆረ፣ ከዛ ማዕበሉ እየተከታተለ መጣ። የሀዋሳ ሐይቅ ጥልቀቱ የትም ቦታ ከ20 ምናምን ሜትር አይበልጥም፣ እንዲህ አይነት ውሃ ላይ ደግሞ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፣ አንዱን ሳታልፉት ሌላው ጀልባው ውስጥ ይገባል። ባለ ጀልባው አንገቱ በተቆረጠ ሃይላንድ ውሃውን እየጨለፈ በሌላ እጁ ሞተሩን ይዟል፣ እኔ የሲባጎውን ቋጠሮ ልፈታ እታገላለሁ፣ ጣቴ ይንቀጠቀጣል፣ ባለቤቴ ጫማዋን አውልቃ ደረቷ ላይ አቅፋ ዝም ብላለች። ደረስን። ሁለት ቀን አላናገረችኝም፣ ልክ ነበረች።

ስለዚህ ጀልባ የምትሳፈሩ ሁሉ፣ ጃኬቱን ገና ዳር ላይ ሳላችሁ አድርጉትና እጃችሁን ወደ ላይ አንሱ፣ አንድ ሰው ትከሻችሁ ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው፣ ከአገጫችሁ ካለፈ ሰፍቷል፣ ውሃ ውስጥ ጥሏችሁ ይወጣል። ለልጅ በጭኑ መሀል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ይሻላል። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ውጡ፣ የመጨረሻውን ከሰማችሁ በኋላም 30 ደቂቃ ቆዩ፣ ሐይቅ መሀል ከናንተ የሚረዝም ነገር የለም። ከተገለበጠ ጀልባውን ሙጥኝ በሉ፣ ዳሩ ቅርብ ይመስላል እንጂ ቅርብ አይደለም። ባለ ጀልባው «ዛሬ ይቅር» ካላችሁ ደግሞ አትከራከሩት፣ ገቢውን ትቶ ነው እኮ የሚነግራችሁ።

እማማ፣ ረዘመብዎት መሰለኝ። ልጅዎ ስትደውል «ንፋሱ ስንት ቦፎርት ነው?» ብለው ይጠይቋት፣ ትደነግጣለች።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ሐይቁ ውስጥ ዋኘሁ፣ ማታውኑ እግሬን አሳከከኝ፣ ቀይ ቀይ ነጠብጣብም ወጣብኝ። የመድኃኒቱን ስም ንገረኝና ከፋርማሲ ልግዛ።

አልነግርህም። ቢልሃርዚያ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፣ ይሄን እኔም ፋርማሲስቱም አይተን አናውቀውም። የቢልሃርዚያ ትል ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውሃው ውስጥ ይዋኝና በቆዳ ነው የሚገባው፣ ሐይቃችንም ላይ በሽታው እንዳለ በጥናት የታወቀ ነው። ችግሩ ዛሬ ሰገራ ብትመረመር ምንም ላይታይ ይችላል፣ እንቁላሉ ለመታየት ከ5 እስከ 7 ሳምንት ይወስዳል፣ መድኃኒቱም በዋናነት የሚገድለው ያደገውን ትል ነው፣ መጠኑም በኪሎህ ነው የሚሰላው። ስለዚህ አሁን ጤና ጣቢያ ሂድ፣ «ሐይቅ ውስጥ ዋኝቻለሁ» በል፣ ይሄን ሳትናገር አትውጣ፣ «ነፃ ነህ» ቢሉህም ከሁለት ወር በኋላ ተመለስ። ትኩሳት ወይም ሰገራህ ላይ ደም ካየህ በዛው ቀን ሂድ። ስልክህ ላይ አሁኑኑ አላርም ሙላ፣ ቀልዴን አይደለም።

ጥያቄ፦ አባ ኮዳ የያዝኩትን ጥብስ አሳ ነጠቀኝ፣ ማንን ልክሰስ?

ሌላ ግዛ፣ ዛፍ ስር ደግሞ አትቀመጥ፣ ከላይ ጦጣ አለ።