ከዋጋው በፊት ቁልፉ በማን እጅ እንደሚሆን ጠይቂ

ዘግይቶ የሚያነብ ሰው እንዳይቸገር ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። ላሊበላ ላይ ከእናትሽ ጋር የምታስተዳድሩት ባለ 12 ክፍል የእንግዳ ማረፊያ አላችሁ። ድረ ገጽ ለማሠራት ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስበሻል፤ አንዱ 25 ሺህ፣ አንዱ 80 ሺህ፣ አንዱ ደግሞ 180 ሺህ ብር ይላል። ሦስቱም «ዘመናዊ፣ ፈጣንና ማራኪ» ብለው ስለጻፉ ልዩነቱ አልታይሽ ብሎ የትኛውን ልምረጥ ትያለሽ።

አብሽሪ እህቴ፣ ልዩነቱ ወረቀቱ ላይ ስላልተጻፈ ማንም ሊያየው አይችልም። («ማራኪ» የሚለውን ቃል ከፕሮፎርማ ላይ የሚከለክል አዋጅ ቢወጣ የመጀመሪያው ደጋፊ እኔ ነኝ።) አዲስ አበባ ድረ ገጽ በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ጽሑፍ አዘጋጅ ሆኜ ሠርቻለሁ። ወደ ደሴ ከተመለስኩ ወዲህ ደግሞ ለነጋዴዎችና ለሆቴሎች የቢሮ ሥራ እየሠራሁ፣ እነሱ ከድረ ገጽ ሠሪዎች ጋር ሲዋዋሉ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ከሁለቱም ወገን እንዳየሁት በቀለምና በዋጋ የተነሳ ክርክር ቶሎ ይበርዳል። የማይበርደው ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ «ለመሆኑ ይህ ድረ ገጽ የማን ነው?» ሲባል የሚነሳው ነው።

አንድ የደሴ የግንባታ ዕቃ አከፋፋይ የደረሰበትን ልንገርሽ። ድረ ገጹን የሠራለት ወጣት እጁ የተባረከ ነበር፤ ሥራውም አምሮ ነበር። ነገር ግን የዶሜይኑን ስም (ድረ ገጹ የሚከፈትበትን አድራሻ) ያስመዘገበው በራሱ ኢሜይል ነው። ክፋት አልነበረውም፤ ያን ጊዜ በዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው እሱ ብቻ ነበር። በኋላ ልጁ ውጭ አገር ሄደ፣ ስልኩም ተቀየረ። የእድሳት ማስታወሻው ነጋዴው በማያየው ኢሜይል ሲመጣ ከረመ። አንድ ቀን ደንበኛ ደውሎ «ቁማር ማጫወት ጀመራችሁ እንዴ?» አለው። ስሙን ሌላ ሰው ገዝቶት የውርርድ ማስታወቂያ ለጥፎበታል። አድራሻው በጭነት መኪናው በር ላይ ተጽፏል፣ ደረሰኙ ግርጌ ታትሟል፣ ለደንበኞቹ ባደለው የግድግዳ ካላንደር ላይም አለ። ካላንደሩን እንግዲህ ከየሰው ግድግዳ ላይ አያወርደው ነገር።

እንዲህ የሚሆነው በአንድ ሌሊት አይደለም። ዶሜይን በዓመት የሚታደስ ኪራይ ነው። «ነጥብ ኮም» የሆነ ስም ጊዜው ሲያልፍ፣ እንደ መዝጋቢው ድርጅት ደንብ እስከ 45 ቀን ድረስ በመደበኛው ዋጋ ሊታደስ ይችላል። ከዚያ የ30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ ይከተላል፤ በዚህ ጊዜ ስሙን ለማስመለስ ከበድ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይጠየቃል። ከዚያ ለ5 ቀን ይታገድና ለፈለገው ሁሉ ክፍት ይሆናል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ማስጠንቀቂያው የሚላከው ስሙ ወደተመዘገበበት ኢሜይል ብቻ ነው። ስለዚህ ለሦስቱም ድርጅቶች የምታቀርቢው የመጀመሪያው ጥያቄ «ዶሜይኑ በማን ስምና በማን ኢሜይል ይመዘገባል?» የሚል ይሁን። «እኛ እንይዝልሻለን፣ አትጨነቂ» ካሉሽ ያኔ ተጨነቂ። «በኋላ እናዛውርልሻለን» ቢሉሽም አዲስ የተመዘገበ ስም በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት ወደ ሌላ መዝጋቢ እንዲዛወር አብዛኛውን ጊዜ አይፈቀድም፤ ከመነሻው በስምሽ ይሁን። የአገራችንን «ነጥብ ኢቲ» ከመረጥሽ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ ምዝገባው በማረፊያው ንግድ ስም እንዲሆን አድርጊ።

ሆስቲንጉ (ድረ ገጹ ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥበት የኪራይ ቦታ)፣ የድረ ገጹ ማስተዳደሪያ፣ የጉግል ካርታው ገጽ፣ የማረፊያው ኢሜይል፣ ሁሉም ቁልፍ አላቸው። ሠሪው ገብቶ የሚሠራበት ፈቃድ ይሰጠው እንጂ ዋናው የይለፍ ቃል አንቺ ጋ ይቀመጥ። ኢሜይሉን በተለይ አትርሺ። ሆስቲንግ ሲቀየር የቆየው የኢሜይል መልእክት በሙሉ የጠፋበት ሆቴል አውቃለሁ፤ ከአስጎብኚ ድርጅቶች ጋር የተጻጻፈውን ሁሉ መልሶ ሊያገኘው አልቻለም።

ቀጥሎ የሁለተኛውን ዓመት ዋጋ ጠይቂ። ፕሮፎርማው የሚነግርሽ የመጀመሪያውን ዓመት ነው። የ«ነጥብ ኮም» ስም ዋጋ በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር ባለው ውስጥ ነው፤ ሆስቲንግም ብዙውን ጊዜ በዶላር ይከፈላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በብር ቁርጥ ዋጋ የተዋዋሉ ሠሪዎች ከዚያ በኋላ ወይ ጠፉ፣ ወይ «ጨምሩ» አሉ። እነሱንም ሙሉ በሙሉ መውቀስ አልችልም። ስለዚህ በውሉ ውስጥ የዶላሩ ወጪና የእነሱ የአገልግሎት ዋጋ ተለያይተው ይጻፉ። «ዓመታዊ እድሳት» ተብሎ በአንድ ድምር የተቀመጠ ቁጥር ካየሽ ዘርዝሩልኝ በያቸው። የ25 ሺህ ብሩ ርካሽ የመሰለበት ምክንያት እዚህ ላይ ተደብቆ ሊሆን ይችላል።

25 ሺህ ያሉት ምናልባት ዝግጁ የገጽ ንድፍ ገዝተው ስምሽንና ፎቶሽን ሊያስገቡበት ነው። ይህ ነውር አይደለም። ወርድፕረስ የሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ከ2003 እንደ ፈረንጆች ጀምሮ በነፃ የሚገኝ ነው፤ የዓለም ድረ ገጾች ትልቅ ክፍልም በእሱ ይሠራል። ለ12 ክፍል ማረፊያ ከዜሮ የተጻፈ ፕሮግራም አያስፈልግሽም፤ 180 ሺህ ያሉት ይህን ሊሸጡልሽ ከሆነ ለምን እንደሚያስፈልግ ያስረዱ። ነውሩ ሌላ ነው፦ የሚሸጡትን ንድፎችና ፕለጊኖች (በድረ ገጹ ላይ የሚጨመሩ መሣሪያዎች) የተሰረቀ ቅጂ አውርዶ መጫን። እንዲህ ያለ ቅጂ ብዙ ጊዜ ጎጂ ኮድ አዝሎ ይመጣል፤ እንግዳሽ ገጽሽን ሲከፍት ወደ ሌላ ገጽ ይወረወራል። የመጠቀሚያ ፈቃዱ ግዢ በማረፊያው ስም እንዲሆንና ደረሰኙ እንዲሰጥሽ ጠይቂ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ሥራው ብዙ ጊዜ የሚዘገየው አሠሪው ጽሑፍና ፎቶ ሳያቀርብ ሲቀር ነው። አዲስ አበባ ስሠራ ቀብድ ከፍለው ወራት ሙሉ አንድ ፎቶ ያልላኩ ደንበኞች ነበሩን። ሠሪውም ሲቸግረው ከኢንተርኔት ያነሳል። ላሊበላ ከሆነ ያለጥርጥር የቤተ ጊዮርጊስን ምስል ያመጣል፤ የሌላ ሰው ፎቶ ይሆንና ባለቤቱ ሲጠይቅ የሚጠየቀው ድረ ገጹ የሚጠራበት ሰው ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍንም ይጠብቃል። ደግሞስ አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት እንግዳው አስቀድሞ ያውቃቸዋል፤ ሊጎበኝ የሚመጣው እነሱን ነው። የማያውቀው ያንቺን አልጋ፣ የሻወሩን ሙቅ ውኃ፣ የበረንዳውን እይታና ከአየር ማረፊያው ማን እንደሚቀበለው ነው። እነዚህን በጥሩ ብርሃን አስነሺ። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር አለሽ? ጻፊው። ከቤተ ክርስቲያኖቹ በእግር ስንት ደቂቃ ነው? ጻፊው። ይህን ማንም ዲዛይነር ካንቺ ውጭ ሊያውቀው አይችልም።

ሰዓትና ቀንም እንዲሁ። አንድ የወልድያ ሆቴል «መግቢያ ከቀኑ 8 ሰዓት» ብሎ የሰጠው ጽሑፍ በእንግሊዝኛው ገጽ ላይ ቁጥሩ እንዳለ ተቀመጠ። ፈረንጁ በጠዋት ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ቆመ፤ ክፍሉ ግን ገና አልተለቀቀም። በኛ 8 ሰዓት የእነሱ 2 ሰዓት መሆኑን የጻፈውም የተረጎመውም ልብ አላለም። አንቺ ደግሞ ትልቁ ገበያሽ የገና በዓል ነው። የውጭ እንግዳ ጃንዋሪ 7 ብሎ ይፈልጋል፤ የአገር ውስጥ ምእመን ታኅሣሥ 29 ይላል፤ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ነው። የክፍል መያዣው ቅጽ ሁለቱንም የቀን አቆጣጠር ጎን ለጎን እንዲያሳይ ከመጀመሪያው ንገሪያቸው። መጨረሻ ላይ «ይጨመርልኝ» ካልሽ ተጨማሪ ዋጋ ነው፤ ትክክልም ናቸው።

አማርኛው በትክክል መሠራቱን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ቀድሞ የሠሩትን አንድ ድረ ገጽ በስልክሽ ክፈቺና አንድ አማርኛ አንቀጽ መርጠሽ ኮፒ አድርጊ፣ ከዚያ በመልእክት ውስጥ ለጥፊው። አልመረጥም ካለ ጽሑፉ ምስል ነው፤ የተዘበራረቀ ምልክት ከሆነ በድሮ ፎንት የተጻፈ ነው። የግእዝ ፊደል ከ1999 እንደ ፈረንጆች ጀምሮ በዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር ሥርዓት) ውስጥ ስላለ ለዚህ ምክንያት የላቸውም። ጉግልም በምስል የተቀመጠን ጽሑፍ እንደ ተራ ጽሑፍ ስለማያነበው ማረፊያሽን በአማርኛ የሚፈልግ ሰው አያገኝሽም።

ፍጥነቱን ደግሞ እነሱ ቢሮ ተቀምጠሽ በእነሱ ዋይፋይ አትፈትኚ። ላሊበላ ሆነሽ፣ በሞባይል ዳታ፣ ምሽት ላይ፣ ባለ ዝቅተኛ ዋጋ ስልክ ክፈቺው። በስልክ የተነሳ አንድ ፎቶ ሳይቀነስ ሲጫን ሦስትና አራት ሜጋባይት ይሆናል፤ አሥር እንዲህ ያለ ፎቶ ያለበት ገጽ እኛ አገር አይከፈትም ማለት ይቻላል።

ስለ ኔትወርክ ካነሳሁ አይቀር፣ በወሎ ለምንኖር ሌላ ጥያቄ አለ። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ እኛ ሲመጣ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ፤ ሆስቲንጋቸው ውጭ አገር የሆነ ድረ ገጾች ግን ይታዩ ነበር። የክፍል መያዣ ጥያቄ ይመጣል፣ መልስ የሚሰጥ የለም። እንግዳው ይህን አያውቅም፤ የሚያየው ዝምታ ብቻ ነው። ከቤተሰብ አዲስ አበባ ያለ አንድ ሰው የማስተዳደሪያው ሁለተኛ መግቢያ ይኑረው፣ «ለጊዜው ማረጋገጥ አንችልም» የሚለውንም ማስታወቂያ አንድ ቁልፍ በመጫን ማውጣት ይቻል። ይህን ጥያቄ ስታነሺ የሠሪውን ፊት እዪ፤ ገብቶት መልስ የሚፈልግልሽ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው።

በቴሌብር ወይም በቻፓ ክፍያ የሚቀበል ገጽ ከፈለግሽ፣ ገንዘቡ በቀጥታ ወደ ማረፊያው ሒሳብ መግባቱን በትንሽ ብር ራስሽ ከፍለሽ አረጋግጪ። በሠሪው ሒሳብ በኩል ዞሮ ይመጣል ከተባልሽ አትቀበዪ።

«በጉግል ላይ አንደኛ እናወጣሻለን» የሚል ካለ ፕሮፎርማውን መልሺለት። ይህን ማንም ዋስትና ሊሰጥ እንደማይችል ጉግል ራሱ ይናገራል። በካርታው ላይ ማረፊያሽን ማስመዝገብ ግን ነፃ ነው፤ ድረ ገጹ እስኪያልቅም አትጠብቂ።

ውሉን በተመለከተ፣ ክፍያው ከሥራው ጋር ይሂድ፦ ሲጀመር ጥቂት፣ ንድፉ ሲጸድቅ ጥቂት፣ የመጨረሻው ደግሞ የይለፍ ቃሎቹ በሙሉ በእጅሽ ገብተው በራስሽ ከከፈትሻቸው በኋላ። የእርማት ዙር ስንት እንደሆነ፣ ብልሽት ሲኖር በስንት ቀን እንደሚመጡ፣ ብትለያዩ የገጹን ሙሉ ቅጂ እንደሚያስረክቡ ይጻፍ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ እውቅና ስለሰጠ በኢሜይል የተስማማችሁትንም አታጥፊ። በቃል የተባለው ግን የተባለ አይደለም።

ከሦስቱ የትኛው ለሚለው፣ ይህን ሁሉ በአንድ ኢሜይል ለሦስቱም ላኪ፤ በዝርዝር የመለሰልሽን ምረጪ። ለመገመት ካስገደድሽኝ 80 ሺህ ያሉት ይመስሉኛል፤ ነገር ግን 25 ሺህ ያሉት በጽሑፍ በደንብ ከመለሱ ለእነሱ ስጪ። ከዚህ በፊት የሠሩላቸውን ሁለት ደንበኞች ስልክ ተቀብለሽ ደውዪ፤ «ሥራው ጥሩ ነው?» ብለሽ አትጠይቂ፣ «ከሠሩላችሁ በኋላ ስልክ ያነሳሉ?» በዪ።

ለዘንድሮው ገና እንዲደርስልሽ ከፈለግሽ መስከረም ሳይወጣ ተዋዋዪ፤ ገጹ አልቆ በጉግል እስኪታይም ጊዜ ይፈልጋል። የዶሜይኑን ስም ግን ሠሪ ሳትመርጪ በዚህ ሳምንት አስመዝግቢ። የዶላር ካርድ ከሌለሽ ውጭ ያለ ዘመድ ይክፈልልሽ፤ አካውንቱ የሚከፈትበት ኢሜይልና ስልክ ያንቺ፣ ሁለተኛው መጠባበቂያ የእናትሽ ይሁን።