ሁሉን ነገር ብርድ ነው አትበሉ

ልጆቼ እንዴት ናችሁ፣ በተለይ እናንተ ነርሲንግ ጨርሳችሁ እጥበት ክፍል የምትመደቡት፣ ቤታችሁ ውስጥ ኩላሊቱን የሚታጠብ አባት ወይ እናት ያላችሁም እንደዛው። እኔ ጡረታ ልወጣ ትንሽ የቀረኝ ሲስተር ነኝ፣ ባህር ዳር ላይ ጋወን ለብሼ ነው ያረጀሁት፣ የመጨረሻዎቹን አመታት ደግሞ ዲያሊስስ ማሽን አጠገብ። ምክር ስጪ ስባል ሁሌ "ትእግስት ይኑራችሁ" ምናምን ብዬ ነው የማልፈው። ዛሬ ግን ስለ አጥንት ነው የማወራችሁ፣ አትሳቁ።

እኛ ጋ አጥንት ሲያም ስሙ ወይ ብርድ ነው ወይ ቁርጥማት ነው። ጣና ዳር ደግሞ ሰው ከተንቀጠቀጠ ወባ ነው። በነዚህ ሶስት ስሞች ስንቱን ነገር ሸፍኜ እንዳለፍኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

አንድ የዘጌ ሰው ነበሩ፣ ቡና ያላቸው፣ በጀልባ እየተሻገሩ በሳምንት 2 ቀን የሚታጠቡ። 3 ቀን፣ በየቀኑ 4 ሰአት መሆን ነበረበት ግን ብሩ ከየት ይምጣ፣ ይሄን እናንተም ታውቁታላችሁ። ፊስቱላቸው፣ ለእጥበት ተብሎ እጅ ላይ በኦፕራሲዮን የሚገጣጠመው የደም ስር ማለቴ ነው፣ ስለተዘጋ በአንገት ቱቦ ነበር የሚታጠቡት፣ ለጊዜው ነው የተባለው ቱቦ አመት አለፈው። ማሽን በተጀመረ በግማሽ ሰአት ውስጥ አንዳንድ ቀን ጥርሳቸው እስኪንገጫገጭ ይንቀጠቀጣሉ፣ እኔም ብርድ ልብስ ደረብ አደርግላቸውና "ጋሼ ወባ እንዳይሆን ተመርመሩ" እላለሁ፣ ይመረመራሉ፣ የለም ይባላል፣ ጥቂት ቀን አንቲባዮቲክ ይወስዳሉ፣ ይሻላቸዋል፣ እንረሳዋለን። ዳሌዬን ይቆረጥመኛል ሲሉኝ የሐይቁ ንፋስ ነው ጋቢ ደርቡበት። ልጃቸው ስታዝንላቸው ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ ትገዛላቸው ነበር። አንድ ጠዋት ከጀልባ ሲወርዱ፣ ወደቁ እንኳን አይባልም፣ እግራቸው አዳለጣቸውና ዳሌያቸው ቀጭ አለ።

ያን ቀን ማታ ቻርታቸውን አወጣሁት። አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲናቸው ከወር ወር ይወርዳል፣ ኤሪትሮፖይቲን የሚባለውን የደም ማነስ መርፌ እየተወጉ ሄሞግሎቢናቸው አልነሳም ብሏል፣ ፎስፈረሳቸው ከፍ እንዳለ ነው፣ አንድም ቀን ከ6 አልወረደም፣ የተንቀጠቀጡበት ቀን ሁሉ ተፅፏል። የፃፍኩት እኔ ነኝ።

ኩላሊት ሽንት ብቻ አይደለም የሚሰራው። ፎስፈረስ ያስወጣል፣ ቫይታሚን ዲንም ስራ ላይ የሚያውለው እሱ ነው። እሱ ሲቆም ፎስፈረስ ይጠራቀማል፣ ካልሲየም ይወርዳል፣ ያኔ አንገት ውስጥ ያሉት 4 ትንንሽ፣ ምስር ምስር የሚያካክሉ እጢዎች ፒቲኤች የሚባለውን ሆርሞን መርጨት ይጀምራሉና ካልሲየሙን ከአጥንት ያስወጡታል። አጥንት ማለት ጎተራ ነው በሉት። ችግሩ ከጎተራው የወጣው እህል ማጀት አይገባም፣ የደም ስር ግድግዳና የልብ በር ላይ ሄዶ ይለጠፋል። ይሄን ኮሌጅ አስተምረዋችኋል፣ እዚህ ላይ አልቆይም።

የሚረሳው ረመጡ ነው። ኢንፍላሜሽን ስንል ሁላችንም የሚታየን ያበጠ፣ የቀላ፣ የሚያቃጥል ነገር ነው፣ የሚታጠብ ሰው ላይ ያለው ግን አመድ የለበሰ ፍም ነው፣ ትኩሳት ላይኖረው ይችላል። የቆየ ቱቦ ያጋግለዋል፣ የሚደማ ድድ ያጋግለዋል፣ ሳይታጠብ የቀረው ቆሻሻና የተጠራቀመው ውሃ ራሱ ያጋግለዋል። ነጭ የደም ሴሎቹ እነ ኢንተርሉኪን 6 የሚባሉ መልእክተኞችን ይልካሉ፣ እነሱ ደግሞ አጥንት በሊታዎቹን ሴሎች ቀስቅሰው ገንቢዎቹን ያስተኛሉ። ሰውየው ምግብ ይዘጋዋል፣ አልቡሚን ይወርዳል፣ ደሙ መርፌውን እንቢ ይላል። ጉበት የሚሰራው ፌቱይን የሚባል ካልሲየም ያለቦታው እንዳይለጠፍ የሚጠብቅ ፕሮቲን አለ፣ እሱም ይቀንሳል። እንግዲህ ጋሼን የሰበራቸው ቱቦው ነው አልልም፣ እድሜም አለ፣ የጎደለው 3ኛ ቀንም አለ፣ ፎስፈረሱም አለ። ግን እኛ ካልሲየም ኪኒን እየቆጠርን ረመጡን ሳናየው አመት ሞላው።

ስለዚህ ማሽን ላይ የተንቀጠቀጠ ሰው ስታዩ በተለይ ቱቦ ካለው ወባውንም መርምሩ፣ ግን አንቲባዮቲኩ ከመጀመሩ በፊት የደም ካልቸር፣ ደም ውስጥ ባክቴሪያ አለ ወይ የሚያየው ምርመራ፣ ይወሰድ ብላችሁ ዶክተሩን ጨቅጭቁት። ይቆጣ፣ ምን ይመጣል። ፊስቱላ ይሰራልኝ ብሎ ታካሚው እንዲጠይቅ ደሞ እናንተ ንገሩት። አፉን አስከፍታችሁ ድዱን እዩ፣ እኔ በስራ ዘመኔ የታካሚ ድድ ያየሁት በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው። ፒቲኤች ዝቅ ብሎ ቢመጣም አትደሰቱ፣ ከመጠን በላይ ሲወርድ አጥንቱ መታደስ አቁሞ ተኝቶ ሊሆን ይችላል፣ እሱም ይሰበራል።

ውሃውንም አትናቁት። በአንድ እጥበት ብቻ ወደ 120 ሊትር ውሃ ከሰውየው ደም ጋር በስስ ሜምብሬን ተለያይቶ ነው የሚያልፈው። በ1970ዎቹ እንግሊዝ አገር ኒውካስል ከተማ የሚታጠቡ ሰዎች አጥንታቸው እየላላ ይሰበር ነበር፣ ሲጣራ የቧንቧው ውሃ ውስጥ የነበረው አሉሚኒየም ሆኖ ተገኘ። የውሃ ክፍሉን ሰራተኛ ሻይ ጋብዙት፣ ከማንም በላይ እሱን ተወዳጁት።

ቤት ላላችሁት፣ ያ ነጭ ካልሲየም ካርቦኔት ኪኒን እንደ ቫይታሚን ጠዋት በባዶ ሆድ የሚዋጥ አይደለም። ስራው ምግቡ ውስጥ ያለውን ፎስፈረስ ሆድ ውስጥ መያዝ ስለሆነ ከምግብ ጋር ነው፣ ምግብ ከሌለ እሱም የለም፣ ለጥንካሬ ብላችሁ ከታዘዘው በላይ ከሰጣችሁት ደግሞ ያው የደም ስር ላይ ነው የሚለጠፈው። ኮካ ከቤት ይውጣ፣ የሱ ፎስፈረስ ከሽሮ ፎስፈረስ ይልቅ በቀላሉ ደም ውስጥ ይገባል። ዲክሎፌናኩን ተዉት፣ የቀረችውን ሽንት ያጠፋል፣ ጨጓራ ያደማል፣ ከሁሉ የሚብሰኝ ግን ህመሙን ዝም ያሰኘዋል፣ እኛም እንዳንጠይቅ። ደግሞ "ኩላሊት ታማሚ ነው ስጋ አይብላ" እያላችሁ አታስርቡት፣ እሱ ሳይታጠብ በፊት የተነገረው ሊሆን ይችላል፣ የሚታጠብ ሰው ግን ፕሮቲን ያስፈልገዋል።

ጋሼ ኦፕራሲዮን ሆነው ዛሬ በከዘራ ይሄዳሉ፣ ግራ እጃቸው ላይ አዲስ ፊስቱላ ተሰርቶላቸዋል፣ ቱቦው ወጥቷል። ባለፈው ሳምንት ማሽን ላይ ሆነው ሲስተር ቆሮሶ አሳ ልብላ ወይ አሉኝ። ብሉ ጋሼ፣ ጨው ቀነስ አድርገው፣ ኪኒኑን ከምግቡ ጋር፣ ስጋውን ብቻ ግን፣ ያንን እየተጠበሰ ኮሽ ኮሽ የሚለውን አጥንት ለድመት ይስጡት አልኳቸው።

ድመት የለኝም አሉኝ።