እንጉዳዩ ለምን ውኃ ያወጣል? አይቡስ ለምን ይጓጉላል?

ጥያቄ፦ ልጄ ሥጋ መብላት ከተወች ወዲህ ፓስታ በእንጉዳይና በአይብ እሠራላታለሁ። ሆኖም እንጉዳዩ ከሽንኩርቱ ጋር ድስት ውስጥ ሲገባ ውኃ ያወጣና ይቀቀላል፤ ከገበያ የምገዛው አይብም አልቀልጥ ብሎ እንደ ፍርፋሪ ይቀራል። ምግብ ቤት የሚቀርበው ግን ልስልስ ያለ ነው። ስሕተቴ ምኑ ላይ ነው?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ከአይቡ ልጀምር፤ በእሱ በኩል ጥፋቱ የእጅዎ አይደለምና። የእኛ አይብ የሚሠራው ቅቤው የወጣለት አሬራ እሳት ላይ ሲሞቅ በመሆኑ ስቡ ጥቂት ነው፤ በኮምጣጣነትና በሙቀት አንድ ጊዜ የረጋ ስለሆነም ዳግመኛ ሲሞቅ ውኃውን እየለቀቀ ይደርቃል እንጂ አይቀልጥም። ከጎመን ጋር ሲቀርብ የምንወድለት ይኸው ፍርፍር ማለቱ ነው፤ ለፓስታ ግን አይመችም። ስለዚህ ክሪም ቺዝ ወይም ማስካርፖኔ ይፈልጉ። በሰሜን ጣሊያን ያለችው የሎምባርዲያ ግዛት አይብ ማስካርፖኔ ከአሬራ ሳይሆን ከክሬም የሚረጋ በመሆኑ በስብ የበለጸገ ነው፤ ሙቀት ሲነካውም በቀላሉ ይሟሟል። ዋጋው ከከበደዎት አይቡን በእኩል መጠን ክሬም አድርገው በመፍጫ ማሽን ይምቱት፤ እንደ ማስካርፖኔ ባይሆንም ከፍርፋሪው ይሻላል።

እንጉዳዩን በተመለከተ ግን ጥፋቱ የድስቱ ነው። ከእንጉዳይ ክብደት 90 በመቶ ገደማ ውኃ ስለሆነ፣ ጠባብ ድስት ውስጥ ሲደራረብ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ መልሶ ይቀቅለዋል። ለሁለት ሰው 300 ግራም እንጉዳይ ወፈር አድርገው ይክተፉና ሰፊ መጥበሻ ላይ ጥቂት ዘይት አግለው ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት ሳይደራረብ ይዘርጉት፤ ከዚያም ቶሎ ቶሎ አያማስሉት። ውኃ ቢያወጣም አይደንግጡ፤ የመንተክተኩ ድምፅ ጠፍቶ ቸስ የሚል የጥብስ ድምፅ እስኪሰማና ጠርዙ ቡናማ እስኪሆን ይታገሡት። ጨው፣ አንድ ማንኪያ የገበታ ቅቤ፣ ሁለት ፍንካች የተከተፈ ነጭ ሽንኩርትና ቆንጠር ያለ ጦስኝ የሚገቡት ከዚህ በኋላ ነው። ጦስኙን እንዳይተዉት አደራ እላለሁ፤ ለእንጉዳይ ከእሱ የሚስማማ ቅመም አላገኘሁም።

እስከዚያው 200 ግራም ፓስታ በሁለት ሊትር ውኃና በሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው ይቀቅሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነውና ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ደቂቃ በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ስለዚህ ሰዓቱን ትተው በጥርስዎ ይሞክሩት። ከማጥለልዎ በፊት ከመቀቀያው ውኃ ሁለት የቡና ሲኒ ያስቀሩ፤ ከፓስታው የወጣው ስታርች አይቡን ከውኃው ጋር የሚያስማማው እሱ ነው። አሁን መጥበሻውን ከእሳት ያውርዱ፤ 120 ግራም ክሪም ቺዝ ወይም ማስካርፖኔ በአንድ ሲኒው ውኃ እንጉዳዩ ላይ ከበጠበጡ በኋላ ፓስታውን ጨምረው ያዋሕዱ። ከወፈረ በሁለተኛው ሲኒ ያቅጥኑት፤ እሳት ላይ መልሰው ግን አያፍሉት፣ ሊቋጥር ይችላልና። ቁንዶ በርበሬ ነስንሰው ወዲያው ያቅርቡ።

ከላዩ ፓርሚጃኖ መፈቅፈቅ ከለመዱ ደግሞ አስቀድመው ልጅዎን ይጠይቋት፤ ይህ አይብ የሚረጋው ከጥጃ ጨጓራ በሚወጣ ማርጊያ ስለሆነ ሥጋ ከማይበሉት መካከል የማይቀምሱት አሉ።