ማር ሁሉ አይጣፍጥም

ልጆቼ፣

ከራስ መኮንን ድልድይ ብዙም ሳይርቅ፣ ፒያሳ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሰው ወረቀት ስተረጉም ዕድሜዬ አለፈ። ባለፈው ሰሞን ቡና ስንጠጣ አንዳችሁ ስልኩን አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ ይሄ የፈረንጅ ቃል ከአማርኛ የሄደ ነው፤ ስሙት፣ ድምፁ እኮ አንድ ነው!» አለኝ። ያን ዕለት ስቄ ዝም አልኩ። መልሴ ይኸውላችሁ።

«ማር»ን እንውሰድ። እኛ ዘንድ ከቀፎ የሚቆረጠው ነው። ስፔኖች ባሕር ይሉበታል፤ ከላቲኑ «ማሬ» የወረደ ነው። ማር ዴል ፕላታ በምትባለው የአርጀንቲና የወደብ ከተማ ስም ውስጥ ያለውም እሱ ነው። ፋርሶች ዘንድ ማር እባብ ነው። ለሕንዶች ደግሞ የመምታት ግሥ ሥር ነው፤ በልጅነታችን በየሲኒማ ቤቱ ድብድቡ ሲጦፍ እንሰማው የነበረው «ማሮ!» ከዚያ የመጣ ነው። ዕብራይስጡ ጭራሽ መራራ ይለዋል። በዘጸአት ምዕራፍ 15 ሕዝቡ ሊጠጣው ያልቻለው ውኃ ያለበት ቦታ «ማራ» የተባለው፣ ኑኃሚንም ሐዘን ሲጸናባት «ማራ በሉኝ» ያለችው ለዚህ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ አንዱም የማራችን ዘመድ አይደለም። የዕብራይስጡ «ማር» ግን የ«መራራ» የሥጋ ዘመድ ነው፤ ዐረቡም «ሙር» ይላል፤ ሥራቸው አንድ ነው። ቁርጥ እኛን የሚመስለው ባዳ፣ ሌላ መልክ ያለው ወንድም ሆኖ ተገኘ። አጭር ቃል በአጋጣሚ ይገጥማል፤ የሰው አፍ የሚያወጣው ድምፅ ስንት ነውና! ዝምድና የሚለየው ድምፁ በብዙ ቃላት ላይ በአንድ ደንብ ሲመላለስ ነው።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። የማራችን የግዕዝ ስሙ «መዓር» ነው። «እባክህ፣ ማር» ብለን ለበደለኛ ስንለምን የምንለው ደግሞ ከ«መሐረ» የወረደ ነው። «በልዐ» በላ፣ «ጸሐፈ» ጻፈ እንደሆነ ሁሉ የጉሮሮው ድምፅ ሲወድቅ ሁለቱ ተጋጠሙ። «ተማረ» ስንል ቀለም የቆጠረውም ምሕረት ያገኘውም አንድ ሆኗል፤ ፊደሉ ግን አልረሳም፣ «ትምህርት»ን በሃሌታው፣ «ምሕረት»ን በሐመሩ ይጽፋል። (በስልክ ስትጻጻፉ የትኛውንም ሀ ብትነኩ አልቆጣም። ስለ ቃል ሥር ልትከራከሩ ስትነሱ ግን አስቀድማችሁ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ግለጡ።)

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት። ከ20 ዓመት በፊት ገደማ ቤይሩት ትሠራ የነበረች ልጅ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሥራ ውል አመጣችልኝ። የአሠሪዋ አድራሻ «ማር ኤልያስ» ይላል። እኔ ሆዬ፣ የ«ማርች» ምሕጻረ ቃል መስሎኝ «መጋቢት» ብዬ ቁጭ! ማኅተሜንም አሳረፍኩበት። ያስገባችበት መሥሪያ ቤት ወረቀቱን መለሰባት።

ይበልጥ የሚያሳፍረኝ፣ ቃሉን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ማደጌ ነው። አባቴ መጻሕፍተ መነኮሳትን ሲያነቡ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስ፣ አረጋዊ መንፈሳዊ እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ማር ይስሐቅ በ7ኛው መቶ ዘመን የነነዌ ጳጳስ የነበረ አባት ነው። እኔ ማር የተባለው ምክሩ ስለሚጣፍጥ ይመስለኝ ነበር፤ ጠይቄም አላውቅ። ለካ በሱርስት፣ በጥንቶቹ የሶርያ ክርስቲያኖች ቋንቋ፣ «ጌታዬ» ማለት ነው፤ ለጳጳሳትና ለቅዱሳን ስም የሚቀጸል ማዕረግ። የሊባኖስ ክርስቲያኖች ዐረብኛ እየተናገሩም ይህንኑ ማዕረግ አልጣሉትም። ማር ኤልያስ፣ ማር ሚካኤል የሚባሉ የቤይሩት ሰፈሮች አሉ፤ ስንቷ የኛ ልጅ መንገዳቸውን ታውቀዋለች።

ልጅቷ ስትመለስ አልተቆጣችም። የከፈለችኝን ብመልስላት የታክሲዋን ብቻ ወሰደች። «ጋሼ፣ ማር እኮ እዚያ ቅዱስ እንደማለት ነው። ሦስት ዓመት የኖርኩበት ሰፈር ነው» አለችኝ።

መጀመሪያ የመጣች ዕለት፣ ተርጉሜ እስክጨርስ ድረስ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር።